ለአንዲት ቺፕ ስንት አለቃ ያስፈልጋታል?

(በማኅበራችን ዓመታዊ መገናኛ ላይ የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው የጠራኝ «ስለ ሕክምናና ቴክኖሎጂ አንድ ነገር ተናገሪልን» ብሎ ነበር። ሰፊ ርዕስ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ያመጣል፤ ስለዚህ ጠበብ ያለች ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ጥያቄዋ የእኔ አይደለችም። የኢንጂነሪንግ ፋኩልቲያችን ሁለት መምህራን ሲከራከሩባት ቁጭ ብዬ የሰማኋት ናት፦ አንድ ማይክሮኮንትሮለር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም?

ሐኪም በዚህ ምን አገባት የምትሉ አትጠፉም። ይኸውላችሁ፣ ማኅበራችን ዘንድሮ ገንዘብ እንዲያወጣላቸው ከቀረቡለት ሥራዎች አንዱ የተማሪዎች የመመረቂያ ፕሮጀክት ነው። ለታማሚ የተሰቀለ ግሉኮስ ጠብታውን እየቆጠረ፣ ከረጢቱ ሊያልቅ ሲል ወይም ፍሰቱ ሲቆም አለዚያም ከልክ ሲያልፍ የሚጮህ ትንሽ መሣሪያ ነው። የሕክምናውን ወገን እንድመለከት የተጠየቅሁት እኔ ነኝ። ገንዘቡ ከወጣ መሣሪያው የሚንጠለጠለው ሕፃን ከተኛበት አልጋ አጠገብ ነው። ስለዚህ ሆዱ ውስጥ ያለው ነገር ይመለከተኛል። እናንተም ዛሬ ድምፅ ስለምትሰጡ ይመለከታችኋል።

ከሕግ፣ ከግብርና፣ ከቋንቋ ለመጣችሁ ወገኖች ጥቂት ላስረዳ። ማይክሮኮንትሮለር ማለት በአንዲት ቺፕ ላይ የተጠቃለለ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። አስሊው፣ ማስታወሻው፣ ከውጭ ጋር የሚገናኝባቸው እግሮች ሁሉም እዚያው ናቸው። ዲጂታል ቴርሞሜትራችሁ ውስጥ አለ፤ የስኳር መለኪያው ውስጥ፣ ጣት ላይ የሚቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያ ውስጥ፣ የልብስ ማጠቢያው ውስጥም አለ። ተማሪዎቹ የተጠቀሙበት አርዱዊኖ ኡኖ የሚባለውን ሰሌዳ ነው። በላዩ ያለችው ቺፕ ኤቲሜጋ328ፒ ትባላለች፤ ለፕሮግራም 32 ኪሎባይት፣ ለሥራ ማስታወሻ ማለትም ለራም 2 ኪሎባይት ብቻ አላት። 4 ጊጋባይት ራም ያለው ስልክ ኪሳችሁ ውስጥ ካለ፣ ከዚህች ቺፕ 2 ሚሊዮን እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው።

ስልካችሁ ውስጥ ሙዚቃው፣ መልእክቱና ካሜራው እንዳይጋፉ ጊዜና ቦታ የሚያከፋፍል ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለ። በትንሿ ቺፕ ላይ ግን የግድ አይደለም። መብራቱ ሲበራ አንድ ፕሮግራም ይጀምራል፤ እስኪጠፋ ድረስ ብቻውን ይሠራል። አለቃ የለበትም።

ነገሩን እኔ የምረዳው በዎርድ ነው። ሌሊት 20 አልጋ ባለበት ክፍል አንዲት ተረኛ ሲስተር ብቻ አለች እንበል። ከ1ኛው አልጋ ትነሣለች፣ ታያለች፣ ትጽፋለች፣ 20ኛው ደርሳ እንደገና ከ1 ትጀምራለች። ኢንጂነሮቹ ይህን አሠራር «ሱፐር ሉፕ» ይሉታል፤ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ነው። መሀል ላይ ደወል ቢጮህ የያዘችውን ትታ ትሮጣለች፤ ጨርሳ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ይህ «ኢንተራፕት» ይባላል። ሦስተኛው ዓይነት አሠራር ደግሞ ከበላይዋ አንድ አስተባባሪ ቆሞ፣ በየቅጽበቱ «ያን ተይው፣ ይህን ያዢ፤ አሁን ወደዚያኛው ተመለሽ» የሚልበት ነው። እጇ ያው ሁለት እጅ ነው፤ የተጨመረው የሚያዝዛት ሰው ነው። ለማይክሮኮንትሮለር ተብሎ የሚሠራ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በመሠረቱ ይኸው አስተባባሪ ነው። እንደ ዊንዶውስ መስኮትና ሥዕል የለውም። ለምሳሌ በ2003 የወጣው ፍሪአርቶስ ዋናው ክፍሉ ከ6 እስከ 12 ኪሎባይት ቢይዝ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሁን ወደ ክርክሩ። የተማሪዎቹን የመጀመሪያ ናሙና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን በውኃ ሞከርነው። ጠብታ በሚገባ ይቆጥራል። ከረጢቱ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ለተረኛዋ ስልክ አጭር መልእክት ይልካል፤ ልጆቹ በጣም የኮሩበት ክፍል ይህ ነበር። ታዲያ ኔትወርክ ደከም ያለ ዕለት አንድ ነገር ታየ። ፕሮግራሙ መልእክቱን ለሞደሙ ሰጥቶ «ተልኳል» የሚል መልስ እስኪመጣለት ቆሞ ይጠብቃል። ቆሞ ሲጠብቅ ጠብታ አይቆጥርም። የማጥፊያውን ቁልፍ ብትጫኑትም አይሰማም። ቱቦውን ቆንጥጠን ፍሰቱን አቆምነው፤ መሣሪያው ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ዝም አለ።

ሲስተሯ ዶክተር ልትጠራ ስልክ ደውላ፣ እስኪነሣላት ድረስ ጀርባዋን ለ20 አልጋ ሰጥታ እንደቆመች ቁጠሩት።

አንደኛው መምህር «ይኸው! ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያስፈልጋል። መልእክት መላክ አንድ ሥራ፣ ጠብታ መቁጠር ሌላ ሥራ ተደርጎ ይለይ፤ አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ይሂድ» አሉ። ሁለተኛው መምህር «ልጆቹ መጠበቅን በትክክል አልጻፉትም እንጂ ሉፑ ምንም አላጠፋም። መልእክቱን ስጥ፣ ወደ ዙርህ ተመለስ፣ በየዙሩ ‹መልስ መጣ ወይ?› ብለህ እየጠየቅህ እለፍ። ለ2 ኪሎባይት ቺፕ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መጫን ለአህያ የግመል ጭነት ነው» አሉ።

ሁለቱም ያስተማሩ፣ ሁለቱም የሠሩ ሰዎች ናቸው። እኔ ግን ሁለቱም የቺፗን መጠንና የዘመኑን ፋሽን እያነሡ ሲነጋገሩ፣ የምፈልገው ጥያቄ ሳይጠየቅ የቀረ መሰለኝ።

መጠኑን እንየው እስቲ። በጁላይ 20 ቀን 1969 ሰዎችን ጨረቃ ላይ ያሳረፈው የአፖሎ ኮምፒውተር የሚጻፍበት ማስታወሻው 2048 ቃል ነበር፤ በዛሬ መለኪያ 4 ኪሎባይት ገደማ ነው። ከተማሪዎቻችን ቺፕ በእጥፍ ይበልጥ ይሆናል እንጂ ዘመዷ ነው። ሆኖም ሃል ላኒንግ የሚባሉ ሰው የነደፉት «ኤግዜኪዩቲቭ» የሚባል አስተባባሪ ነበረው፤ ለሥራዎች ሁሉ የቅድሚያ ቁጥር እየሰጠ ያስተናግዳል። ሊያርፉ ደቂቃዎች ሲቀሩ ከአንድ ራዳር የሚመጣ የማያስፈልግ ምልክት ኮምፒውተሩን አጨናነቀው። 1202 እና 1201 የሚሉ ማስጠንቀቂያዎች ወጡ፤ ትርጉማቸው በቀላሉ «ሥራ በዝቶብኛል፣ ማስቀመጫ ቦታ አጣሁ» ነው። ፕሮግራሙ እንደገና ተነሣና ሊቆይ የሚችለውን ጥሎ ለማረፍ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ ቀጠለ። አረፉም።

ድንገተኛ ክፍል የሠራ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ትሪያጅ መሆኑን ወዲያው ይገነዘባል። አውቶቡስ ተገልብጦ 30 ቁስለኛ በአንድ ጊዜ ሲገባ የእጅ ስብራቱ ይጠብቃል፤ የሚደማው ይገባል። እንግዲህ «ቺፗ ትንሽ ስለሆነች ኦፐሬቲንግ ሲስተም አይገባትም» የሚለው አያስኬድም። «ዘመናዊ ሥራ ያለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አይሆንም» የሚለውም አያስኬድም፤ አንድ ሙቀት ለክቶ ቁጥር የሚያሳይ ቴርሞሜትር አስተባባሪ ቢቀጠርለት ማንን ያስተባብራል?

እኔ ልጠይቅ የምፈልገው ይህን ነው፦ ከሥራዎቹ ውስጥ የማይቆየው የትኛው ነው? ስንት ጊዜ ቢዘገይ ጉዳት ያመጣል? ከዚያ እንደማይዘገይስ ማን አረጋግጦ ይፈርማል?

በእኛ መሣሪያ እናስላው። 1 ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት ይግባ ብለን ብናዝዝ፣ 1 ሚሊሊትር 20 ጠብታ በሚሆንበት ቱቦ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ነው። በአንድ ጠብታና በሚቀጥለው መካከል ከ1.4 ሰከንድ ትንሽ ይበልጣል። የእኛ ሲስተሮች ሰዓታቸውን አይተው የሚቆጥሩት ማለት ነው። ቺፗ ግን በሰከንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ ትመታለች። በሁለት ጠብታ መካከል ከ22 ሚሊዮን በላይ ምት አላት። ለሕፃናት በሚሆነው ቀጭን ቱቦ 1 ሚሊሊትር 60 ጠብታ ነው፤ ጠብታው ቢበዛም ጊዜው አሁንም ሰፊ ነው። ጠብታው በመብራቱ ፊት የሚያልፍባት ቅጽበት አጭር ናት፤ እሷን ደግሞ ደወሉ፣ ማለትም ኢንተራፕቱ፣ ይይዛታል። ቁልፍ መስማት፣ አላርም ማሰማት፣ ቁጥር ማሳየት፤ ሥራው ይኸው ነው። ይህን አንዲት ሲስተር ያለ አስተባባሪ በደንብ ትሠራዋለች፤ ስልክ ይዛ ካልቆመች።

የሁለተኛው መምህር መልስ እዚህ ላይ ትክክል ነው። ሆኖም አንድ ነገር ጨምሬ ልናገር፤ ምክንያቱም ጉዳዩ ይህን ያህል ቀላል ቢሆን ኖሮ ንግግር ባላስፈለገው።

ልጆቹ ሉፑን አስተካክለው መጡ። ከዚያ አንዱ ባለሙያ «መዝገብ ይያዝ» አለ፤ ተጨመረ። ሌላው «ስክሪኑ ላይ ግራፍ ቢኖር» አለ፤ ተጨመረ። እኔም ብሆን አልጋ ቁጥሩ ይታይ ብያለሁ። በየጊዜው አንድ ሥራ ሲጨመር ያ ንጹሕ ዙር ቀስ በቀስ «ይህ ካላለቀ ያን ቆየው፣ ያ ከጮኸ ይህን አቁመው» በሚል ትእዛዝ ተሞላ። ይህ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ማንም ሳያውቀው የተጻፈ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ስም የለውም፣ መመሪያ የለውም፣ የሚያውቀው የጻፈው ልጅ ብቻ ነው፤ ልጁ ደግሞ በሐምሌ ይመረቃል። በእኔ አስተያየት ከሁለቱ መምህራን ሐሳቦች ይልቅ አደገኛው ይህ ሦስተኛው ነው።

ለዚህም በሕክምና ታሪክ የሚጠቀስ ምሳሌ አለን። ቴራክ-25 የሚባል የካንሰር ጨረር ማከሚያ ነበር፤ አሠሪው የካናዳ ድርጅት ነው። ከ1985 እስከ 1987 መጀመሪያ ድረስ በሚታወቀው ብቻ ስድስት ታማሚዎች ከልክ በላይ ጨረር ተቀብለዋል፤ ከመካከላቸው የሞቱ አሉ። መሣሪያው የሚሠራው ራሱ ድርጅቱ ባዘጋጀው አስተባባሪ ነበር። የጻፈው አንድ ሰው ሲሆን፣ በ1986 ድርጅቱን ለቋል፤ ጽፎት የሄደው ማብራሪያም ጥቂት ነበር።

ጉዳቱ እንዴት ደረሰ? ቴክሳስ ውስጥ ባለሙያዋ የሕክምናውን ዓይነት ስትጽፍ ለኤክስሬይ የሚሆነውን ፊደል ነካች፤ ወዲያው አይታ ወደ ኤሌክትሮን አረመችው። በሥራ ብዛት ጣቷ ፈጣን ነበር። መሣሪያው ማግኔቶቹን ለማስተካከል 8 ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል፤ በዚያች 8 ሰከንድ ውስጥ የመጣን እርማት አንደኛው የፕሮግራሙ ክፍል ሲያየው ሌላው ሳያየው አለፈ። ስክሪኑ ትክክለኛውን አሳየ፤ ጨረሩ ግን ለኤክስሬይ በሚሆን ኃይል፣ መሀል ሊገባ የሚገባው መከለያ ሳይኖር ወጣ። ስክሪኑ ላይ የወጣው ጽሑፍ «ማልፈንክሽን 54» የሚል ብቻ ነበር። መመሪያው ትርጉሙን አላብራራም። መሣሪያው ደግሞ በየቀኑ እንዲህ ዓይነት መልእክት ስለሚያወጣ፣ ቀጥል የሚለውን ቁልፍ መጫን ልማድ ሆኖ ነበር። ታማሚው ግን እዚያ ውስጥ ነበር።

በ1987 ሌላ ስህተት ተገኘ። «ፍተሻ ያስፈልጋል» የሚለውን የሚያመለክተው ቁጥር በየዙሩ አንድ አንድ ይጨምራል። ማስቀመጫው የአንድ ባይት ብቻ ስለሆነ 256ኛው ላይ ወደ 0 ይመለሳል፤ 0 ማለት ደግሞ «ፍተሻ አያስፈልግም» ነበር። በዚያች ቅጽበት ቁልፉ ከተጫነ ፍተሻው ይዘለላል።

ልብ በሉ፣ የመጀመሪያውን ስህተት በደንብ የተፈተነ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በአግባቡ ቢጠቀሙበት ምናልባት ያስቀረው ነበር፤ ሥራዎች የጋራ መረጃ ሲነኩ የሚቆለፍበት መንገድ አለውና። ሁለተኛውን ግን ምንም ዓይነት ኦፐሬቲንግ ሲስተም አያየውም። ከሁሉም በላይ የሚያስቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው ቴራክ-20 ተመሳሳይ ስህተት ነበረበት፤ ሆኖም ሰው አልጎዳም፤ ምክንያቱም ከሶፍትዌሩ ተለይቶ፣ በሽቦ የተሠራ መከላከያ ነበረው። አዲሱ ላይ ያን አንሥተው ነገሩን ሁሉ ለሶፍትዌር ተዉት።

«እንግዲያው የታወቀ፣ የተፈተነ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ገዝተን እንገላገል» የሚል ይኖራል። በ1997 ማርስ ላይ ያረፈው ፓዝፋይንደር ቪኤክስዎርክስ የሚባለውን፣ ስመ ጥር የሆነውን ይዞ ነበር የሄደው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ኮምፒውተሩ በራሱ እየጠፋ ይነሣ ጀመር። ምክንያቱን በዎርድ ልንገራችሁ። የናርኮቲክ ቁም ሣጥኑን ቁልፍ የያዘችው ከሁሉ ታናሽ የሆነችው ነርስ ናት። ቀዶ ሐኪሙ ሞርፊን ፈልጎ ቁልፉን ይጠብቃል። መካከለኛ ማዕረግ ያላቸው ሰዎች ደግሞ ታናሿን «ይህን አድርሺ፣ ያን አምጪ» እያሉ ያሯሩጧታል፤ ከእሷ ይበልጣሉና ትታዘዛለች። እሷ ቁልፉን መመለስ አልቻለችም፤ ስለዚህ ከሁሉ የሚቀድመው ሐኪም ከሁሉ በኋላ ሆነ። እዚያ ማርስ ላይ ታናሿ የአየር ሁኔታ መረጃ የምትሰበስበው ሥራ ነበረች። መፍትሔው ቁልፍ የያዘ ሰው ቁልፉን እስኪመልስ ድረስ የሚጠብቀውን ሰው ማዕረግ እንዲወርስ ማድረግ ነው። ይህ አማራጭ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ውስጥ ነበር፤ አልተከፈተም እንጂ። ኢንጂነሮቹ ከምድር ሆነው ከፈቱት፤ ችግሩም ቆመ።

አስተባባሪ ቀጠርን ማለት ማን እንደሚቀድም ወሰንን ማለት አይደለም። ቁጥሩን የምንሰጠው እኛው ነን። ትሪያጅ ላይ ያለች ሲስተር የታማሚውን ፊት አይታ ቀዩን ካርድ ትሰጣለች፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ግን ፊት አያይም፣ የጻፍንለትን ቁጥር ብቻ ነው የሚያነብ።

ደግሞም አስተባባሪ ሲመጣ ከነጓዙ ነው። በ2019 በበርካታ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ውስጥ አብሮ የተላለፈ አንድ የኔትወርክ ፕሮግራም 11 የደኅንነት ክፍተት እንዳለበት ታወቀ፤ «ኧርጀንት/11» ተባለ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በሕክምና መሣሪያዎች ላይ ሊያመጣ ስለሚችለው አደጋ ሆስፒታሎችንና አምራቾችን አስጠነቀቀ። ሆስፒታሎች በመሣሪያቸው ውስጥ የትኛው እንዳለ ለማወቅ አምራቹን መጠየቅ ነበረባቸው። በሕክምና መሣሪያ ሶፍትዌር ላይ የወጣው አይኢሲ 62304 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ተጠቀሙም አትጠቀሙም አይልም። ሶፍትዌሩ ቢሳሳት ሊደርስ በሚችለው ጉዳት መጠን ኤ፣ ቢ፣ ሲ ብሎ ይከፍላል፤ ሌላ ሰው የጻፈውን ካስገባችሁ ምን እንዳስገባችሁና ቢበላሽ ምን እንደሚሆን ጻፉ ይላል። መድኃኒት ስናዝዝ ለምን እንዳዘዝን ካርዱ ላይ እንደምንጽፈው ነው።

አሁን ወደ እኛ መሣሪያ ልመለስና የምደግፈውን በግልጽ ልናገር።

መሣሪያው ጠብታውን አይቆጣጠርም፤ ይቆጥራል፣ ይጮሃል እንጂ። ስለዚህ «ቢበላሽ ምን ይሆናል? ድሮም አልነበረን» የሚል ሰው አለ። እኔ በዚህ አልስማማም። አላርም ያለበት አልጋ ላይ ተረኛዋ የምትመለስበት ሰዓት ይረዝማል፤ ሰው ናት፣ 20 አልጋ አለባት፣ የሚጮህላት ነገር ካለ ወደማይጮኸው ትሄዳለች። መሣሪያው ዝም ብሎ ከሞተ፣ ድሮ በየሰዓቱ ይታይ የነበረው ሕፃን አሁን ሳይታይ ይቆያል። በጣም በተጎሳቆለ ሕፃን ላይ በ8 ሰዓት ሊገባ የታሰበ ፈሳሽ በ1 ሰዓት ቢገባ ልቡ አይችለውም፤ ሳንባው በውኃ ይሞላል። በተቃራኒውም ከረጢቱ ደርቆ ካደረ ካኑላው በደም ይዘጋል፤ በሌሊት ያቺን ቀጭን ደም ሥር እንደገና መፈለግ ምን እንደሆነ የሕፃናት ክፍል የሠራችሁ ታውቃላችሁ። ዝም ብሎ የሚሞት አላርም ከነጭራሹ ከሌለው ይከፋል።

ስለዚህ ቆጣሪዋ ቺፕ ያለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ትሁን፤ ሥራዋም መቁጠርና መጮህ ብቻ ይሁን። ግራፉ፣ መዝገቡ፣ መልእክቱ ከእሷ ይውጣ። (ከአልጋ ቁጥሬ ጋር አብሮ ይውጣ፤ አልቀየምም።) እነዚያን ሌላ ቺፕ ይያዛቸው። እዚያ ላይ የመጀመሪያው መምህር ሐሳብ በቦታው ነው፤ ኔትወርክ፣ ስክሪንና መዝገብ በአንድ ቺፕ ላይ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን የሚያስቆምበት ምክንያት ብዙ ነው። ኢኤስፒ32 የሚባለው ሰሌዳ ከአምራቹ የሚመጣለት ሶፍትዌር ራሱ በፍሪአርቶስ ላይ የተሠራ ነው፤ ልጆቹ አዲስ ነገር መፍጠር የለባቸውም። መረጃ ከቆጣሪዋ ወደ እሱ ብቻ ይሂድ፤ ከእሱ ወደ እርሷ ምንም አይምጣ። እሱ ቢንጠለጠልም ቆጣሪዋ ዜናውም አይደርሳት።

ከሁለቱም በላይ አንድ ነገር እፈልጋለሁ፤ ይህ ሶፍትዌር አይደለም። የራሱ ባትሪ ያለው ጯሂ ይኑር። እንዳይጮህ ከቆጣሪዋ ቺፕ ያለማቋረጥ ምት ይድረሰው፤ ምቱ ሲቋረጥ፣ ቺፗ ብትንጠለጠል፣ መብራት ቢጠፋ፣ ገመዱ ቢነቀል፣ በራሱ ይጩህ። ኢንጂነሮቹ በቺፗ ውስጥ ዋችዶግ የሚባል ሰዓት ቆጣሪ እንዳለ ነግረውኛል፤ ፕሮግራሙ በየጊዜው «አለሁ» ካላለው ቺፗን እንደገና ያስነሣታል። እሱም ይኑር። ግን አንድ ነገር አደራ፦ «አለሁ» የሚለው መልእክት በራሱ ከሚደወል ደወል ውስጥ አይላክ። ዋናው ዙር ሞቶ ደወሉ ብቻ «አለሁ፣ አለሁ» ሊል ይችላልና። የሌሊቱን ቫይታል ሳይን ገና በምሽቱ ሞልቶ የፈረመ ሰው አይታችሁ እንደሆነ... ስትስቁ አያችሁ፣ ሐኪሞቹ የት እንደተቀመጣችሁ አወቅሁ።

የመጨረሻው ስለ ሰው ነው። ልጆቹ ይመረቃሉ። ሆስፒታል ውስጥ የሚቀረው የባዮሜዲካል ባለሙያው ነው። ገንዘቡ የሚወጣ ከሆነ ከፊሉ ኮዱን በአማርኛና በእንግሊዝኛ በሚያብራራ ጥራዝ ላይ እንዲውል፣ ጥራዙንም ልጆቹ ያልሆኑ ሁለት ባለሙያዎች አንብበው አንድ ስህተት ሆን ተብሎ ሲገባ እንዲያገኙት እጠይቃለሁ። ካላገኙት መሣሪያው ወደ ዎርድ አይግባ። እኔም አልፈርምም።

ልጆቹ አዲሱን ናሙና ይዘው መጥተዋል፤ ከአዳራሹ በስተግራ፣ ሻይ ከሚቀዳበት ጠረጴዛ አጠገብ ነው ያሉት። ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ሂዱና ገመዱን ንቀሉት። ቱቦውን ቆንጥጡት። የስልኩን ሲም ካርድ አውጡና ዝም ካለ ንገሩኝ። ነግሬያቸዋለሁ፣ አይከፋቸውም።